ጭንቀት የወር አበባሽን ሲያውክ፦ የቻይና ሕክምና ነጥቦችን በራስሽ እጅ እንዴት ትጫኛለሽ

በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይሄው ጥያቄ ይደርሰኛል። "ስናደድና ስጨነቅ የወር አበባዬ ይዘገያል። ሲመጣ ደግሞ ቁርጠቱ አያስቆመኝም። አንቺ የቻይና ሕክምና ተምረሻል፤ የሚጫኑትን ነጥብ እስቲ አሳዪኝ።" በስልክ ሳስረዳ ሁሌ አንድ ነገር ይቀራል። አንዷ ነጥቡን ታገኘዋለች፣ ቀኑን ትስታለች። ሌላዋ ቀኑን ትይዛለች፣ ጣቷን አጥንት ላይ ትጫናለች። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ጻፍኩት።

ከመነሻው አንድ ነገር ያዢልኝ። አብዛኞቻችን ሆዳችንን የምንይዘው ደሙ ሲመጣ ነው። በቻይና ሕክምና ግን ከጭንቀት ጋር ለሚመጣ ሕመም ዋናው የሥራ ጊዜ ደም ከመምጣቱ በፊት ያለው ሳምንት ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚዞሩት በዚያ ሳምንት ዙሪያ ነው።

ነገሩ ባጭሩ

እኛ ስንናደድ "አንጀቴ አረረ" እንላለን፤ ሲከፋን "ሆድ ባሰኝ"። ቻይናዎች ንዴትንና የታፈነ ብስጭትን የሚሰጡት ለጉበት ነው። ሐሳብ ማብዛትን ለጣፊያ፣ ፍርሃትን ለኩላሊት፣ ሐዘንን ለሳንባ ይሰጣሉ። በእነሱ አገላለጽ ጉበት ደም ያከማቻል፤ ቺ የሚሉት የሰውነት ጉልበትም ሳይታገድ እንዲፈስ ያደርጋል። ንዴቷን እየዋጠች የምትኖር ሴት ቺዋ ይታገዳል ይላሉ። ቺ ሲታገድ ደሙም ተከትሎት ይያዛል።

ምልክቶቹን ሳታውቂያቸው አትቀሪም። ጡትሽ ይወጠራል። ከጎድን አጥንትሽ ሥር ሞላ ሞላ ይልሻል። በትንሽ ነገር ትነጫነጫለሽ። ሳታስቢው ደጋግመሽ በረጅሙ ትተነፍሻለሽ። ጉሮሮሽ ላይ የማይዋጥም የማይተፋም ነገር የተሰነቀረ ይመስልሻል። ይሄን የመጨረሻውን "የፕሪም ፍሬ ቺ" ይሉታል፣ የፕሪም ፍሬ ጉሮሮ ላይ የቀረ ስለሚመስል።

"ጉበት" ሲሉ ግን ላብራቶሪ የሚመረምረውን ጉበት ብቻ ማለታቸው አይደለም። የሥራዎች ስብስብ ስም ነው። አንድ የቻይና ሐኪም "የጉበትሽ ቺ ታግዷል" ቢልሽ ጉበቴ ታመመ ብለሽ አትደንግጪ።

በዘመናዊው ሕክምናም ጭንቀትና የወር አበባ ይገናኛሉ። አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል ክፍል አለ። እንቁላል እንዲወጣ የሚያዘው ሰንሰለት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከባድ ውጥረት ሲኖር ትእዛዙ ይዳከማል። እንቁላሉ ሲዘገይ ደሙም ይዘገያል። ቁርጠቱ የሚመጣው ደግሞ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ማህፀንን ሲያኮማትር ነው። ነጥብ መጫን በወር አበባ ሕመም ላይ ብዙ ጊዜ ተጠንቷል። የሚቀላቸው ሴቶች አሉ፤ ጥናቶቹ ግን ጠንካራ አይደሉም። ስለዚህ ከሐኪም ምርመራ ጎን ለጎን የምታደርጊው እንክብካቤ አድርገሽ ያዢው።

ከመጀመርሽ በፊት፦ እነዚህን ሳታልፊ አንብቢ

እርጉዝ ልትሆኚ የምትችይ ከሆነ አትጀምሪ። የወር አበባሽ ከዘገየ መጀመሪያ የሽንት ምርመራ አድርጊ። "ጭንቀት ነው ያዘገየው" ብሎ ራስን ማሳመን ቀላል ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ነጥብ (ደረጃ 8 ላይ የምታገኚው) ለእርጉዝ የተከለከለ ነው፤ በቻይና ሕክምና ማህፀንን ያነቃቃል ተብሎ ይታመናል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሀል ያለው ሄ ጉ የሚባለው ነጥብም እንዲሁ የተከለከለ ነው። እኔ እዚህ ጨርሶ አላካተትኩትም።

የሦስት ወር መርፌ የምትወስጂ ወይም ክንድሽ ላይ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ያለሽ ከሆነ የወር አበባሽ በዚያ ምክንያት ሊዛባ ወይም ሊቀር ይችላል። ነጥብ ተጭነሽ አታስተካክይውም። ካስጨነቀሽ መርፌውን የሰጠችሽን ነርስ ጠይቂ።

ደም ማቅጠኛ የምትወስጂ፣ ደምሽ ቶሎ የማይረጋ፣ በስኳር ምክንያት እግርሽ የሚደነዝዝ፣ እግርሽ ላይ ቁስል ወይም ያበጠ ደም ሥር ያለብሽ ከሆነ ሐኪምሽን ሳታማክሪ እግር አትጫኚ። አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመሽ ደግሞ በፍጹም አትነካኪው፤ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂ።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ይሄን መመሪያ አስቀምጪና ሐኪም ዘንድ ሂጂ፦

- ፓድ በየሰዓቱ እየሞላ ለ2 ተከታታይ ሰዓት ከቀጠለ
- ደሙ ከ8 ቀን በላይ ከፈሰሰ
- በሁለት የወር አበባ መሀል፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጥሽ በኋላ ደም ካየሽ
- ሕመሙ ከትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ካለው ፈሳሽ ጋር ከመጣ
- የወር አበባ ዘግይቶ ድንገት በአንድ ጎን ከባድ ሕመም ከጀመረሽ ወይም ራስሽን ካዞረሽ (ከማህፀን ውጭ የተቀመጠ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል ይሄ ድንገተኛ ነው)
- እርግዝና ሳይኖር 3 ወር ከቀረ
- ሕመሙ ከዙር ወደ ዙር እየከፋ ከሄደ
- ጡትሽ ላይ የወር አበባ ሲያልፍ የማይጠፋ እብጠት ካለ

ሌላም አለ። ለ2 ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን ከከፋሽ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃተሽ፣ ወይም ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ዛሬውኑ ለምታምኛት ሰው ንገሪ፤ ጤና ተቋምም ሂጂ። ጭንቀቱ ቤት ውስጥ ከሚመታሽ ሰው የሚመጣ ከሆነ ቀድሞ የሚያስፈልግሽ ደህና ቦታ ነው።

የሚያስፈልግሽ

- ደብተርና እስክርቢቶ
- ትንሽ የሰሊጥ ዘይት ወይም ቫዝሊን (ደረትሽን ስታሺ ቆዳሽ እንዳይፋቅ)
- የጎማ የሙቅ ውሃ ከረጢት፣ ከሌለሽ በሙቅ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ
- ደረቅ ፎጣ ወይም ነጠላ
- ካልሲ
- ዝንጅብል
- የስልክሽ ሰዓት ቆጣሪ

በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልታ ሆዷ ላይ የምታስቀምጥ ብዙ አለች። ተዪው። ፕላስቲኩ በሙቀት ይጣመማል፣ ክዳኑ ይላቀቃል፣ የምትቃጠይው አንቺ ነሽ።

ደረጃ 1፦ ሁለት ዙር መዝግቢ

ደብተርሽ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሪ። በመጀመሪያው ደሙን ጻፊ፦ አለ ወይስ የለም፣ ስንት ፓድ፣ ቀለሙ፣ የረጋ ደም አለው ወይ። በሁለተኛው ሰውነትሽን፦ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው፣ ጡት፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ። በሦስተኛው "ዛሬ የዋጥኩት ነገር" ብለሽ አንድ መስመር። "አለቃዬ ሰው ፊት ጮኸብኝ፣ ዝም አልኩ።" "የቤት ኪራይ ጨመሩብኝ።" ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የሕመሙን ቀን ብቻ ነው። ሁለት ዙር ሲመዘገብ ግን የሚወጥርሽ ሳምንት ዓምዱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዷን ከደም በፊት ባሉት 5 ቀናት፣ ሌላዋን ከ10 ቀን በፊት ጀምሮ ይይዛታል። የቻይና ሐኪምም ሲያገኝሽ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይሄንኑ ነው፦ ሕመሙ ከደሙ በፊት ነው፣ አብሮ ነው ወይስ በኋላ? በፊት የሚመጣና የሚወጥር ሕመምን ከታገደ ቺ ጋር ያያይዙታል። በኋላ የሚመጣና ከድካም ጋር የሆነውን ከደም ማነስ ጋር። የአንቺ ሁለተኛው ከሆነ፣ በተለይ ካዞረሽና ከገረጣሽ፣ ነጥብ ከመፈለግሽ በፊት ሄሞግሎቢንሽን ተመርመሪ።

በቀን ስም ሳይሆን በቁጥር ቁጠሪ። ደም የመጣበት የመጀመሪያው ቀን 1 ነው፤ ከዚያ ቀጣዩ ደም እስኪመጣ ያሉት ቀናት አንድ ዙር ናቸው። አንዴ በኢትዮጵያ፣ አንዴ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጻፍሽ ይምታታብሻል። ጳጉሜ ላይ ደግሞ ብዙዎች "ወሩ 30 ነው" ብለው ሲቆጥሩ 5 ወይም 6 ቀን ይዘሉና "አዲስ ዓመት ሲመጣ ይዛባብኛል" ይሉኛል።

ደረጃ 2፦ የምትጀምሪበትን ቀን አውጪ

ከመዘገብሻቸው ዙሮች አጭሩን ውሰጂና 7 ቀንሺ። አጭሩ ዙርሽ 27 ቀን ነው እንበል። 27 ሲቀነስ 7፣ 20 ነው። 20ኛው ቀን ካለፈ በኋላ፣ በ21ኛው ቀን ትጀምሪያለሽ። ደም የመጣው መስከረም 3 ከሆነ 21ኛው ቀን መስከረም 23 ነው። ደሙ መስከረም 30 ቢመጣ ሙሉ 7 ማታ ሠርተሻል ማለት ነው።

ረጅሙን ዙር አትውሰጂ። ደሙ ቀድሞሽ ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱንና ቦታውን አዘጋጂ

ማታ ከመተኛትሽ በፊት 40 ደቂቃ ያህል ያዢ። ከራት በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ። ባዶ ሆድሽንም አትሁኚ፤ በጣም የራባት ሰው ነጥብ ስትጫን ሊያዞራት ይችላል። ጾም ላይ ከሆንሽ ከበላሽ በኋላ አድርጊው። ጥፍርሽን ቁረጪ። ሽንትሽን ሽኚ። ካልሲ አድርገሽ እግርሽን አሙቂ፤ የቀዘቀዘ እግር ላይ ነጥብ ማግኘት ይከብዳል፣ ጡንቻውም ይጠነክራል።

ደረጃ 4፦ 5 ደቂቃ ትንፋሽ

ተቀመጪ። አንድ እጅሽን ከጡትሽ በታች፣ ጎድን አጥንቱ የሚያልቅበት ላይ አድርጊ። 4 እየቆጠርሽ በአፍንጫ አስገቢ፣ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ። ትንፋሽሽን አትያዢ። እጅሽ ወደ ውጭ ሲገፋ ካልተሰማሽ በትከሻሽ ነው የምትተነፍሺው ማለት ነው፤ ትከሻሽን ጣል አድርጊው።

ማስወጣቱ የሚረዝመው የልብ ምትን ስለሚያዘገይና ሰውነትን ስለሚያረጋጋ ነው። ይሄን ዘልለሽ ወደ ነጥቡ ከሄድሽ እግርሽን የምትጫኚው መንጋጋሽን ነክሰሽ ነው። ራሴን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይዤዋለሁ።

ደረጃ 5፦ ደረትሽን ወደ ታች እሺ

መዳፍሽ ላይ ጥቂት ዘይት አድርጊ። በሁለቱ ጡቶች መሀል፣ አጥንቱ ላይ፣ ዳን ጆንግ የሚባል ነጥብ አለ። ከአንገትሽ ሥር ጀምረሽ በዚያ በኩል እስከ ጎድን አጥንቱ ጫፍ ድረስ መዳፍሽን ቀስ ብለሽ ወደ ታች አውርጂ። 30 ጊዜ። ከዚያ በሁለቱ መዳፎችሽ ጎንና ጎንሽን፣ ከብብት ወደ ወገብ፣ 20 ጊዜ። እዚህ ጉልበት አያስፈልግም፤ የደረት አጥንት ላይ ጣትሽን አትቀስሪ። የደረት መጨናነቅና የጎን መሞላት የታገደ ቺ ዋና ምልክት ስለሆነ መንገዱ የሚከፈተው ከላይ ነው ይላሉ።

ደረጃ 6፦ ኔይ ጓን፣ የእጅ አንጓው ነጥብ

ትርጉሙ "የውስጥ በር" ነው። መዳፍሽን ወደ ላይ አድርጊ። የሌላውን እጅሽን ሦስት ጣቶች (ሌባ፣ መሀልና ቀለበት ጣት) አጋጥመሽ የእጅ አንጓሽ መስመር ላይ አስቀምጪ። ከሦስተኛው ጣት ቀጥሎ፣ በሁለቱ ጅማቶች መሀል ያለው ስፍራ ነው። ጅማቶቹ ካልታዩሽ እጅሽን ጨብጪና አንጓውን በጥቂቱ እጠፊ፤ ብቅ ይላሉ።

በአውራ ጣትሽ ተጭነሽ ትንሽ ትንሽ አዙሪ። በእያንዳንዱ እጅ 2 ደቂቃ። ለልብ መምታት፣ ለደረት ጭንቀትና ለማቅለሽለሽ ያገለግላል። ለማቅለሽለሽ በሆስፒታሎችም በስፋት የተጠና ነጥብ ነው። ለእርጉዝም በዚሁ ለማቅለሽለሽ ስለሚሰጥ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው እሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ታይ ቾንግ፣ ጉበት 3

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ አብዛኞቹ የሚስቱት እሱን ነው። "ጉበት 3" ማለት ቺ ይሄድበታል በሚሉት የጉበት መስመር ላይ ሦስተኛው ነጥብ ማለት ነው።

እግርሽን ወደ አንቺ አምጪ። ጣትሽን በትልቁ የእግር ጣትና በሁለተኛው መሀል ያለው ቆዳ ላይ አድርጊ። ከዚያ ቀስ ብለሽ በእግርሽ ጀርባ ወደ ቁርጭምጭሚት አንሸራቺ። ጣትሽ በሁለት አጥንቶች መሀል ባለ ቦይ ውስጥ ነው የሚሄደው። አጥንቶቹ እየተጠጉ ይመጡና መንገዱ ይዘጋብሻል። ሊዘጋ ሲል ያለው ጎድጓዳ ታይ ቾንግ ነው። አንዳንዴ ሥሩ የደም ሥር ትር ትር ሲል ይሰማል። ሲከፋሽ በሰነበተበት ሳምንት ነክተሽው "ውይ!" ካሰኘሽ አይግረምሽ።

አንዲት ጓደኛዬ "እኔ ነጥቡ የለኝም" አለችኝ። እግሯን ሰጠችኝና አየሁት። ጣቷ የነበረው የትልቁ እግር ጣት ጅማት ላይ ነው። ያ ገመድ የሚመስለው ጅማት ላይ ከተጫንሽ የሚያቃጥል ሹል ሕመም እንጂ ሌላ አይሰማሽም። ትልቁን የእግር ጣትሽን ወደ ላይ ቀና አድርጊ፤ ጅማቱ ይቆማል። ነጥቡ ከእሱ አጠገብ፣ በሁለተኛው ጣት በኩል ነው።

መድረሱን በምን ታውቂያለሽ? ቻይናዎች ሦስት ቃል አላቸው፦ ስዋን፣ ማ፣ ጃንግ። ስዋን ብዙ ደረጃ የወጣሽ ማግስት ጭንሽ ላይ የሚሰማው ዓይነት ሕመም ነው። ማ መደንዘዝ ነው። ጃንግ መወጠር ነው። ከሦስቱ አንዱ ከመጣ ቦታው ትክክል ነው። እንደ መርፌ ከወጋሽ ወይም እንደ ኤሌክትሪክ ከነዘረሽ ትንሽ ቦታ ቀይሪ፤ ነርቭ ወይም ጅማት ላይ ነሽ።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። ስታስወጪ ተጫኚ፣ ስታስገቢ ላላ አድርጊ። ሕመሙ ከ10 ላይ 5 ወይም 6 እንዲሆን እንጂ ከዚያ አይለፍ። በእያንዳንዱ እግር 2 ደቂቃ። ጨርሰሽ ጣትሽን በቦዩ ወደ እግር ጣቶችሽ አቅጣጫ 10 ጊዜ አውርጂ። በጉበት መስመር ላይ ለታገደ ቺ መጀመሪያ የሚመረጠው ነጥብ እሱ ስለሆነ አትዝለይው።

ደረጃ 8፦ ሳን ዪን ጂያዎ፣ ጣፊያ 6

ስሙ "የሦስቱ ዪን መገናኛ" ማለት ነው። የጉበት፣ የጣፊያና የኩላሊት መስመሮች እዚህ ይገናኛሉ። ለሴቶች ችግር ሁሉ የሚጠራው ለዚህ ነው። በወር አበባ ሕመም ላይ በተደረጉ ጥናቶች ውስጥም ከሁሉ በላይ የምታገኚው እሱን ነው።

በውስጥ በኩል ያለውን የቁርጭምጭሚት እብጠት ጫፍ ያዢ። አራት ጣቶችሽን አጋጥመሽ ከዚያ ወደ ላይ አስቀምጪ። የራስሽን ጣት ተጠቀሚ፤ በቻይና ሕክምና መለኪያው የታካሚዋ እጅ ነው። ከአራተኛው ጣት በላይ፣ የቅልጥም አጥንቱ የኋላ ጠርዝ ጥግ ላይ ያለው ለስላሳ ስፍራ ነው። አጥንቱ ላይ ሳይሆን ከአጥንቱ ኋላ።

በእያንዳንዱ እግር 3 ደቂቃ ተጫኚ፣ በትንፋሽሽ ልክ። ቆዳሽ እስኪበልዝ መጫን አያስፈልግም። በነጋታው ስትነኪው ካመመሽ ትናንት አብዝተሻል፤ ለአንድ ማታ እረፊና በግማሽ ጉልበት ቀጥይ።

ደረጃ 9፦ ሆድሽን አሙቂ

በጀርባሽ ተኝተሽ ከጉልበትሽ ሥር ትራስ አድርጊ። መጀመሪያ ሆድሽን ፈትሺው። ከእምብርትሽ በታች በመዳፍሽ ቀስ ብለሽ ጫን አድርጊ። ከቀለለሽ በእምብርትሽ ዙሪያ፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ፣ 50 ጊዜ በቀስታ እሺ። ሲነካ የሚብስብሽ ከሆነ ግን አትሺው፤ ሙቀት ብቻ ይበቃል። ይሄን ልዩነት ትልቅ ቦታ ይሰጡታል። መነካት የሚወድ ሕመም የድካም ነው፣ መነካት የማይፈልግ የመታገድ ነው ይላሉ።

ከረጢቱን በሙቅ ውሃ እስከ ሁለት ሦስተኛው ሙይ። የፈላ ውሃ አትጨምሪ። አየሩን አስወጥተሽ ክደኚ፣ በፎጣ ጠቅልይ፣ ለ15 ደቂቃ ሆድሽ ላይ አድርጊ። ሙቀት የማህፀን ጡንቻን ያላላል። እላዩ ላይ አትተኚበት፣ ይዘሽውም አትተኚ፤ ለብ ያለ ሙቀት እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ከቆየ ቆዳ ያቃጥላል።

ደሙ ሲመጣ ምን ይለወጣል?

ደሙ የተለመደው ያህል ከሆነ ታይ ቾንግንና ሳን ዪን ጂያዎን በቀላል ጉልበት ቀጥይ፣ ሙቀቱንም። ከወትሮው ከበዛ ሳን ዪን ጂያዎን አቁሚ፣ መዝግቢ፣ ከላይ ያለውን ዝርዝር ተመልከቺ።

ሕመሙ ከበረታ የሕመም ማስታገሻ ውሰጂ። ኢቡፕሮፌን ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ስለሚያደርግ ሕመሙ ሲጀምር ቢወሰድ የተሻለ ይሠራል። ምግብ በልተሽ ውሰጂው። የጨጓራ ቁስለት፣ አስም ወይም የኩላሊት ችግር ካለብሽ፣ ወይም እርግዝና ከጠረጠርሽ ፋርማሲስቱን ሳትጠይቂ አትውጪ። መድኃኒትና ነጥብ አይጣሉም። ለአንዱ ብለሽ በሌላው አትሰቃዪ።

ጊዜም ቦታም ለሌላት

ቤይሩት፣ ዱባይና ሪያድ ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች "40 ደቂቃ ከየት ላምጣ" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ሦስት ነገር ያዢ። ልብስ ስትጠብቂ ወይም ሊፍት ውስጥ ቆመሽ ኔይ ጓንን ተጫኚ። ሻወር ገብተሽ ደረትሽን በሳሙና ወደ ታች እሺ። ከመተኛትሽ በፊት በሁለቱም እግር ታይ ቾንግን አንድ አንድ ደቂቃ፣ በረጅም ትንፋሽ። ደብተር የሚያነብብሽ ሰው ካለ ቀኑን ስልክሽ ላይ በምልክት ያዢው። ሰው አገር ሄዶ በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባ መዘግየት ብዙ የሚያጋጥም ነው፤ ግን 3 ወር ከቀረ መመርመር አለበት።

ስለ ሻይና ስለ እንክብል

በቻይና ብዙ ሴቶች በዚህ ሰሞን የሚጠጡት ዝንጅብል በቡናማ ስኳር ነው። 4 ስስ ቁራጭ ዝንጅብል በ2 ኩባያ ውሃ ለ10 ደቂቃ ቀቅይ። ቀይ ቴምር የሚሉትንም ይጨምሩበታል። የኛ ቴምር አይደለም፤ የቁርቁራ ዘመድ ነው። ባይኖር ምንም አይጎድልም። ቃር ወይም ጨጓራ ካለብሽ ዝንጅብሉን ቀንሺ። ጡት የሚወጠርባት ደግሞ 5 ወይም 6 የደረቀ የጽጌረዳ እምቡጥ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋ ትጠጣለች። ደም የሚበዛብሽ ከሆነ እሱ ይቅርብሽ።

ቡና ላይ በዚያ ሳምንት አቦሏን ጠጥተሽ ቶናውንና በረካውን እለፊ። ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡና እንቅልፍ ይነሳል። እንቅልፍ ያጣች ሴት ሕመሙ ይብስባታል።

ሺያዎ ያዎ የሚባለውን እንክብል ከኦንላይን ላዝዝ ወይ የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ለታገደ የጉበት ቺ የታወቀ ቅመም ነው፣ 8 ዕፅዋት አሉት። ያለ ሐኪም አትጀምሪው። ውስጡ ካሉት አንዱ ዳንግ ጉይ ነው፤ ዋርፋሪን ከሚባለው ደም ማቅጠኛ ጋር ደም ሊያፈስስ ይችላል። ሌላው የሊኮሪስ ሥር ነው፤ በብዛት ከተወሰደ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ያወርዳል።

ዋግምትና ነጥቡን ለማሞቅ የሚቃጠል ዕፅ በራስሽ ላይ አትሞክሪ። ነጥብ ላይ የሚሰካው መርፌም የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ጠንክሮ መጫን። "ካላመመ አይሠራም" የምትል አለች። ከልክ በላይ ሲታመም ሰውነትሽ ይኮማተራል፣ ያላላሽውን መልሶ ያጠብቀዋል።

ሕመም ባለበት ቀን ብቻ መሥራት። ደረጃ 2ን እንደገና ተመልከቺ።

በየቀኑ አዲስ ነጥብ መጨመር። ከስልክ ላይ ያየሽውን ሁሉ ከሞከርሽ የትኛው እንደጠቀመሽ አታውቂም። የነጥቦቹን ቦታ ማረጋገጥ ከፈለግሽ የዓለም ጤና ድርጅት የምዕራብ ፓስፊክ ቢሮ በ2008 እ.ኤ.አ. የ361 ነጥቦችን መደበኛ አቀማመጥ አሳትሟል፤ ከቪዲዮ ይልቅ በእሱ አመሳክሪ።

በአንድ በኩል ብቻ መጫን። ሁለቱም እጅ፣ ሁለቱም እግር።

ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ መተው። ይሄኛው ያሳስበኛል። ደሙንና ሕመሙን በጥንቃቄ ይጽፉና የዋጡትን ነገር አይጽፉም። ጭንቀቱ ካልተመዘገበ ከወር አበባው ጋር መገናኘቱን በምን ታውቂያለሽ? ጽሑፉን ሰው ያየዋል ብለሽ ከፈራሽ ለራስሽ ብቻ የሚገባ አንድ ፊደል አድርጊ። የአማትሽ ነገር "አ"፣ የሥራ ነገር "ሥ"።

ከ3 ዙር በኋላ

3 ዙር ሙሉ ሳታቋርጪ ሥሪ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮችና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ከፍተኛው የሕመም ቁጥርሽ ቀንሷል? ማስታገሻ የወሰድሽባቸው ቀናት አንሰዋል? የዙሮችሽ ርዝመት ተቀራርቧል? ከቀነሰ ቀጥይ፣ ከወትሮው ቀለል ባለ ጉልበት። ካልተለወጠ ነጥቡን አትውቀሺ፣ ራስሽንም አትውቀሺ። እንደ እንቅርት ሆርሞን መዛባት፣ የማህፀን እጢና ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ) ያሉ ነገሮች በጣት አይታዩም፤ ምርመራ ይፈልጋሉ።

የማህፀን ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ደብተሩን ይዘሽ ሂጂ። ገብተሽ "ያመኛል" ከማለት ይልቅ ገጹን ገልጠሽ አሳዪ፦ ዙሬ ከ27 እስከ 34 ቀን ይለያያል፣ ሕመሙ ደም ከመምጣቱ 4 ቀን በፊት ይጀምራል፣ በሁለተኛው ቀን 8 ይደርሳል፣ 6 ፓድ እጠቀማለሁ፣ የምወስደው መድኃኒት ይሄ ነው።